የድሮ ወታደራዊ ላንድሮቨር ካምቢዮ ቤት ውስጥ ማውረድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተጻፈው በዋናነት ሲሪስ 2ኤ (ከ1961 እስከ 1971) እና ሲሪስ 3 (ከ1971 እስከ 1985) ላንድሮቨር ይዘው፣ ግቢያቸው ወይም ጋራዣቸው ውስጥ ራሳቸው ለመሥራት ላሰቡ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሌሎቹን የድሮ ወታደራዊ ጂፖች፣ ዋዝ ወይም ዊሊስ፣ ላላችሁም ልዩነቱን እየጠቆምኩ አልፋለሁ። ሥራው በራሱ ረቂቅ አይደለም፤ ጉዳት የሚያደርሰው ክብደቱ ነው። ስለዚህ ከቁልፉ በላይ ስለ ማንሳትና ስለ መደገፍ ብዙ ታነባላችሁ።

ካምቢዮው የግድ መውረድ አለበት? ሳይወርድ የሚያልቅ ነገር የለም?

አለ፤ ብዙ ሰውም ሳያጣራ ነው መፍታት የሚጀምረው። ማርሽ አልገባ ካለ ወይም ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ በቅድሚያ የፍሪሲዮኑን ዘይት ተመልከቱ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጣችሁ ማርሹ ያለ ችግር ከገባ፣ ጥፋቱ አየር የገባበት መስመር ወይም የደከመ ፓምፕ ነው። ላይኛውም ሆነ ታችኛው ፓምፕ ካምቢዮ ሳይነካ ይቀየራል።

ድምፅ ከሆነ የሚያስቸግራችሁ፣ ሞተሩን አስነሱና በዜሮ ማርሽ አዳምጡ። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ካምቢዮ ያስወርዳል። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጠፋ ጩኸት ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው። በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ የሚጮህ፣ በ4ኛ ግን ጸጥ የሚል ካምቢዮ የታችኛውን ዘንግ እንድትጠረጥሩ ያደርጋል፤ ምክንያቱም 4ኛ ማርሽ ኃይሉን በታችኛው ዘንግ ሳያዞር በቀጥታ ያስተላልፋል።

ማርሽ የሚተፋ ከሆነስ? የመምረጫ ዘንጎቹን የሚይዙትን ሞላዎችና የካምቢዮውን የጎማ መቀመጫዎች መጀመሪያ እዩ። ጎማው ተበልቶ ካምቢዮው የሚወዛወዝ መኪና ማርሽ ቢተፋ አይገርምም።

ሲሪስ 2ኤ ላይ 1ኛና 2ኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ክፍል) የላቸውም። ከ2ኛ ወደ 1ኛ ሲወርድ ቢፋጭ አሠራሩ ስለሆነ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። አራቱም ማርሾች ሲንክሮ ያገኙት በሲሪስ 3 ነው።

ምን ያህል ይመዝናል? ሁለት ጎበዝ ሰው አይበቃውም?

ካምቢዮውና ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) አንድ ላይ ሆነው ነው የሚወጡት፤ ክብደታቸውም አንድ ኩንታል ጤፍ ያህላል፣ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ኩንታል ግን መያዣ አለው፣ ትከሻ ላይ ይተኛል። ይሄኛው ዘይት የነካው፣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላ ብረት ነው። ትራንስፈሩ ከኋላና ከጎን ስለተንጠለጠለ፣ ከመሃል ያዝኩት ብላችሁ ስታነሱት ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ይገለበጣል። እናንተም የምትቆሙት በሻንሲው ብረቶች መካከል፣ ወገባችሁን አጉብጣችሁ ነው። በዚያ አቋቋም ሁለት ጎበዝ ቀርቶ አራትም ቢሆኑ በእጅ እንዲያነሱት አልመክርም። ጣት በሻንሲና በካምቢዮ መሃል ሲገባ የሚሆነውን ማሰብ ብቻ ይበቃል።

የዋዝ 469 ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ 70 ኪሎ ገደማ ነው። ቀለል ይላል፤ ግን የሚወርደው ከታች ስለሆነ አደጋው ደረት ላይ ነው። ኦራልና ዚል የመሳሰሉትን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። የእነሱ ካምቢዮ ትክክለኛ ክሬንና ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል።

የሚወጣው ከላይ ነው ወይስ ከታች?

የላንድሮቨሩ ከላይ፣ በጋቢናው በኩል ነው። የፊት ወንበሮቹ የሚቀመጡበት የአሉሚኒየም ሳጥን ሙሉ በሙሉ ይነሳል፤ ከዚያ የወለሉ ላሜራና የመሃል ሽፋኑ። አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ካምቢዮው ራሱ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። የብረት ቡሎን ከአሉሚኒየም ጋር ለዓመታት ተጣብቆ ሲኖር ሁለቱ ይበላላሉ፤ ቡሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ወይም አንገቱ ይቆረጣል። ሥራው ከመጀመሩ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምራችሁ ጠዋት ማታ ዝገት ማላቀቂያ እየረጫችሁ ቆዩ።

ወታደራዊ ላንድሮቨር እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፦ ብዙዎቹ ሸራ ጣሪያ ናቸው። ሸራውና የሸራው ብረቶች ከተነሱ ቼይን ብሎኩ (በሰንሰለት የሚስበው ማንሻ) ቀጥታ ከላይ ይገባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ግን የክሬኑ ክንድ በበር በኩል መግባት አለበት፤ በሩን ንቀሉትና መሪ በሌለበት ወገን አስገቡት።

ዋዝና ዊሊስ ከታች ነው የሚወርዱት። ዊሊስ ላይ ካምቢዮውን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት መጀመሪያ ይፈታል። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት መኪናው ካምቢዮው ከሥሩ ተጎትቶ እንዲወጣ በሚያስችል ከፍታ ላይ መቆም አለበት።

ጣሪያው ላይ ቼይን ብሎክ ማንጠልጠል እችላለሁ?

ጣሪያው በባሕር ዛፍ እንጨትና በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ፣ በጭራሽ። ያ ጣሪያ የተሠራው ራሱን፣ ዝናብንና ነፋስን እንዲችል ነው። እንጨቱ ውስጡ በምስጥ ተበልቶ ውጭው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የዛፍ ቅርንጫፍም እንደዚሁ። ማንጠልጠያ የሚሆነው ለዚሁ የተሠራ የብረት ማማ ወይም ጋራዦች የሚያከራዩት ባለ ተሽከርካሪ የሞተር ማንሻ ክሬን ነው። የክሬኑ እግር በአፈር ላይ አይንከባለልም፤ ግቢያችሁ ሲሚንቶ ካልሆነ ወፍራም ጣውላ አንጥፉለት።

ማንጠልጠያው የሚችለው ክብደት የተጻፈበት የማንሻ ቀበቶ ወይም ሰንሰለት ይሁን። የናይለን ገመድ ይለጠጣል፣ የብረት ጠርዝ ላይ ሲፈተግም ድንገት ይበጠሳል። ሁለት እግር ያለው ማንጠልጠያ ተጠቀሙና የኋለኛውን እግር ማሳጠርና ማስረዘም የምትችሉበት አድርጉት፤ ካምቢዮው ሲወጣም ሲገባም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ይሄ ማስተካከያ ነው።

መኪናውን በብሎኬት ላይ ማቆምስ?

አይሆንም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። በግድግዳ ውስጥ እኩል ጫና ሲያርፍበት ይችላል እንጂ፣ የሻንሲ ጠርዝ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። የተደራረበ ድንጋይም ይንሸራተታል። ክሪክ ደግሞ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይተኛ፤ አንድ ዳዶ ለመፍታት ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ባለ ሦስት እግር የብረት መደገፊያ ግዙ፣ ከሌለ ተከራዩ።

ላንድሮቨሩ ከላይ ስለሚወጣ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ማንሳት ራሱ አያስፈልግም። አራቱ ጎማዎች መሬት ላይ እንደሆኑ ከሥር መሥራት የሚያስችል ቦታ አለው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ተጠቀሙበት።

የእጅ ፍሬን ተይዟል፤ ታኮ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሁሉ እባካችሁ በጥሞና ያንብብ። የእነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን እንደ ዘመናዊ መኪና ጎማውን አይዝም። ከትራንስፈሩ በስተኋላ ያለ ከበሮ ነው የሚይዘው፣ ኃይሉ ወደ ጎማ የሚደርሰው በፕሮፔለር ሻፍቱ በኩል ነው። የኋላውን ፕሮፔለር ሻፍት በፈታችሁበት ቅጽበት የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን መያዙ ያከትማል። ማርሽ ውስጥ መተዉም ዋጋ የለውም። መኪናው ትንሽ ተዳፋት ላይ ከሆነ እናንተ ከሥር ተኝታችሁ ይንቀሳቀሳል። ዋዝም ዊሊስም አሠራራቸው ይሄው ነው።

ስለዚህ ሜዳ ቦታ ምረጡ፤ አራቱንም ጎማ ከፊትና ከኋላ በታኮ አስይዙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፕሮፔለር ሻፍቱን ንኩ።

ሌላ ምን አደጋ አለ?

ነዳጅ። የ88 ኢንች ላንድሮቨር ነዳጅ ታንከር ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ብዙ ወታደራዊ ሞዴሎች ደግሞ በሁለቱም ወንበሮች ሥር አንድ አንድ አላቸው። አልፈታ ያለውን የወንበር ሳጥን ቡሎን በግራይንደር ልቁረጠው ስትሉ ብልጭታው የሚረግፈው ታንከሩ ላይ ነው። ባዶ ታንከር ደግሞ በጋዙ ምክንያት ከሙሉ የባሰ ነው። በእጅ መጋዝ ወይም በመሮ ቁረጡ፣ ወይም ታንከሩን አስቀድማችሁ አውጡት። እሳትና ብየዳ በፍጹም አይቅረቡ።

ባትሪውንም ፍቱ። ለሬዲዮ የተሰናዱት ወታደራዊ ላንድሮቨሮች 24 ቮልት ናቸው፣ ባትሪዎቻቸውም ከአንድ በላይ ስለሆኑ አንዱን ፈትታችሁ ጨረስን አትበሉ።

የድሮ ፍሪሲዮንና የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ካምቢዮው ሲላቀቅ የምታዩትን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረጉ። ውኃ ርጩበትና በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ።

ምን ዓይነት መፍቻ ያስፈልጋል?

የኢንች መፍቻ። ብዙ ቤት ያለው የሚሊ ሜትር ስብስብ ስለሆነ ቡሎን የሚላጨው እዚህ ላይ ነው። የፕሮፔለር ሻፍቱ ዳዶዎች 9/16 ናቸው፤ ያ ማለት 14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 14 ቁጥር አይገባም፤ 15 ቁጥር ይገባል፣ ግን ይላወሳል፣ ጥርቅ ብሎ የጠበቀ ዳዶ ላይ ሲጫኑት ማዕዘኑን ይበላዋል። የድሮዎቹ ላይ የዊትዎርዝ መለኪያ የሚፈልጉ ዳዶዎችም ታገኛላችሁ። ዋዝ ግን በሚሊ ሜትር ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

ሁለቱን ዘይቶች አፍስሱ፤ ካምቢዮውና ትራንስፈሩ የየራሳቸው መፍሰሻ አላቸው። ዘይቱ እየወረደ ሳለ ወንበሮቹን፣ የወንበር ሳጥኑን፣ የወለል ላሜራዎቹንና የመሃል ሽፋኑን አንሱ። የማርሹ ዘንግ፣ ባለ ቢጫ እጀታው የፊት ጎማ ማስገቢያና ባለ ቀይ እጀታው የትራንስፈር ማንሻ ይወጣሉ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹንም በየቦታቸው ለይታችሁ በጣሳ አስቀምጡ።

ቀጥሎ የፊትና የኋላ ፕሮፔለር ሻፍት። ሳትፈቱ በፊት ሁለቱ ፊቶች ሲጋጠሙ እንዴት እንደነበሩ በመሮ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ካቦና የእጅ ፍሬኑን ማገናኛ አላቁ። የፍሪሲዮኑን የታችኛው ፓምፕ ከነቱቦው አውጥታችሁ በሽቦ ወደ ጎን እሰሩት፣ መስመሩን መክፈት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይፈስሳል።

አሁን ሞተሩን ደግፉ። ሞተሩ የራሱ መቀመጫ ያለው ከፊት ብቻ ነው፤ ከኋላ የሚሸከመው ካምቢዮው ነው። ካምቢዮው ሲወጣ የሞተሩ ጀርባ ወደ ታች ይወርዳል። ወፍራም ጣውላ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቤት ሥር አስገብታችሁ በክሪክ ያዙት። የዘይት ቋቱን ግን አትጫኑ፣ ቀጭን ላሜራ ስለሆነ ይጎደጉዳል።

ማንጠልጠያውን እሰሩና ቼይን ብሎኩ ክብደቱን ገና መያዝ እስኪጀምር ድረስ ሳቡት። ከዚያ የጎማ መቀመጫዎቹን፣ በመጨረሻም ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ዳዶዎች ፍቱ። የላይኞቹ በጋቢናው በኩል ይገኛሉ፣ የታችኞቹ ከሥር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዳዶዎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ያሉት ይሁኑ፤ አንድ ዳዶ ብቻ ከቀረ ካምቢዮው በእሱ ላይ ይጠመዘዛል።

ሲላቀቅ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው መሄድ ያለበት። ገቢ ዘንጉ (ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚያስገባው) ከፍሪሲዮኑ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ካምቢዮው ወደ ታች ካዘነበለ፣ መላው ክብደት በዲስኩ መሃል ላይ ይንጠለጠልና ዲስኩን ያጣምመዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ቼይን ብሎኩ ላይ፣ አንድ ሰው ክፍተቱን እያየ፦ ከላይና ከታች ክፍተቱ እኩል ከሆነ ግፉ፤ ካልሆነ ቁመቱን አስተካክሉ።

ሁሉንም ፈትቼ አልላቀቅ አለኝ። ምን ላድርግ?

ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው። በብዛት የሚረሳው ከላይ፣ እጅ በደንብ በማይደርስበት ማዕዘን የተደበቀ ዳዶ ነው። በመስታወትና በባትሪ መብራት ዙሪያውን እዩ። በእርግጥ ሁሉም ከተፈታ የሞተሩን ቁመት በክሪኩ ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ ዘንጉ ስለተወጠረ ይሆናል። መጋጠሚያው ውስጥ ካቻቪቴ እየሰገሰጋችሁ አትፈልቅቁ፤ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል።

ፍሪሲዮን ብቻ ለመቀየር ሙሉ በሙሉ ማውጣት አለብኝ?

የለባችሁም። ገቢ ዘንጉ እስኪወጣና እጅና መፍቻ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቼይን ብሎኩ ላይ እንደተንጠለጠለና ከሥር በጣውላ እንደተደገፈ መሥራት ይቻላል። ወለሉ ግን ያው መነሳቱ አይቀርም።

ከወጣ በኋላ ምን ልይ?

መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ቤት አሽትቱ። ቀጭንና ጥቁር ዘይት ካለ ከሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል የመጣ ነው፤ ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ ከካምቢዮው ነው። ዘይት የጠጣ ዲስክ ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየር። ከቮላኖው ቤት ሥር ውኃ ሲሻገሩ ብቻ የሚጠመዘዝ መክደኛ አለ። በወታደራዊ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ተጠምዝዞ ይረሳና ዘይቱ መውጫ አጥቶ ፍሪሲዮኑን ያጥበዋል። በተለመደው ጉዞ ቀዳዳው ክፍት መሆን አለበት።

በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለችውን የነሐስ ቡሽም ተመልከቱ። ለማውጣት በግሪስ ሙሏት፣ በቀዳዳዋ ልክ የሆነ ብረት አስገብታችሁ በመዶሻ ምቱት፤ ግሪሱ ከኋላ ገፍቶ ያወጣታል። አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት በሞተር ዘይት ውስጥ አሳድሯት። የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ደህና ቢመስልም ቀይሩት፤ ለእሱ ብላችሁ ይህን ሁሉ ሥራ መድገም አያዋጣም። የኋላው የትራንስፈር ኦይል ሲልም እንደዚሁ፤ እሱ ሲያፈስ የእጅ ፍሬኑ ከበሮ ውስጥ ስለሚገባ ፍሬኑ አይዝም።

ያገለገለ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ ብገዛስ?

ይቻላል። ግን የእናንተን ካምቢዮ ተከታታይ ቁጥር መጨረሻው ላይ ካለችው ፊደል ጋር ጽፋችሁ ሂዱ፤ በየጊዜው የውስጥ ዕቃው ተለውጧልና ፊደሏ ናት የምትለየው። የላይ ክዳኑን አስከፍታችሁ የማርሾቹን ጥርስ እዩ፤ ገቢ ዘንጉን ላይና ታች ወዝውዙ፤ መፍሰሻውን አስፈትታችሁ የብረት ስብርባሪ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ እንዲከፈት ካልፈቀደ አትግዙ።

መልሶ መግጠሙ ይከብዳል?

የሚከብደው የመጨረሻው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ዲስኩ መሃል ላይ መሆኑን በማዕከል ማድረጊያ ዘንግ አረጋግጡ፤ ከአሮጌ ገቢ ዘንግ የተቆረጠ ቁራጭ ከሁሉ የተሻለ ነው። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ፣ ትራንስፈሩን በከፍተኛው ላይ አድርጉና እየገፋችሁ የኋላውን የፍሬን ከበሮ በእጅ ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩ። ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ በራሱ ይገባል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀርቶት ቆሞ ሳለ በዳዶ ስቦ ለመዝጋት መሞከር የዲስኩን መሃል ይሰብራል ወይም የካምቢዮውን ቤት ይሰነጥቃል። ወደ ኋላ መልሱት፣ ክፍተቱን አስተካክሉ፣ እንደገና ግፉ። የደከመ ሰው ካለ ሥራው ይቁም፤ ካምቢዮውን በጣውላ ደግፋችሁ ነገ ቀጥሉ።

ስንት ዘይት ይገባዋል?

ካምቢዮው 1.5 ሊትር፣ ትራንስፈሩ 2.5 ሊትር ገደማ፣ ሁለቱም 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት። ውስጣቸው ነሐስ ስላለ ጂ ኤል 4 የሚለውን እመርጣለሁ። ከጎን ባለው መሙያ ቀዳዳ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ዝጉት። ከሳምንታት በኋላ ካምቢዮው ጎድሎ ትራንስፈሩ ሞልቶ ካገኛችሁት በመሃላቸው ያለው ኦይል ሲል አልፏል ማለት ነው። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ፤ ቱቦና ቦይ ውስጥ አትድፉ።

ከገጠምኩ በኋላ እንዴት ልሞክረው?

ወለሉን ከመመለሳችሁ በፊት። ታኮው እንዳለ ሞተሩን አስነሱና በዜሮ ማርሽ አዳምጡ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ አስገቡ፣ አውጡ። ከዚያ ታኮውን አንስታችሁ ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደ ኋላ ሂዱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሞክሩ። አጭር መንገድ ነድታችሁ ስትመለሱ የፕሮፔለር ሻፍቱን ስምንት ስምንት ዳዶዎች በመፍቻ ደግማችሁ አጥብቁ፣ ከካምቢዮው ሥር ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ የወንበር ሳጥኑን መልሱ፤ ቡሎኖቹን ግሪስ ቀብታችሁ ግጠሟቸው፣ ለሚቀጥለው ፈቺ ይቀለዋል።